«አንቺ ፍረጂ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ኳሱንም አላውቀው

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዓምድዎን የማነበው ሌሊት ሥራ ላይ፣ በእረፍት ሰዓቴ ነው። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ትልቁ ልጃችን 16 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ። ቅርጫት ኳስ ነፍሱ ነው። አባትየውም የዴንቨር ናጌትስ ደጋፊ ነው። ዮኪች የሚባለውን ሰርቢያዊ እንደ ወንድሙ ነው የሚወደው። ልጁ ገና በአራት ዓመቱ አባቱ ጉያ ተሸጉጦ ጨዋታ ያይ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ይሄ ኳስ ነበር። አሁን የለያያቸውም እሱው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ እራት አዘጋጅቶ ሽልማት ይሰጣል። ልጄ ዘንድሮ በነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ኤምቪፒ የሚሉትን ዋንጫ እሱ ይወስዳል ብለን ለባብሰን ሄድን። ዋንጫው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ልጁ ነጭ ነው። የልጄ ጓደኛም ነው፤ ቤታችን መጥቶ እንጀራ በልቶ ያውቃል። ልጄ ተነስቶ አጨበጨበ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን «ነጭ ብሆን ኖሮ ይሰጡኝ ነበር» አለ። አባቱ ጮኸበት። «ሰበብ አታብዛ! እኔ እዚህ አገር ስመጣ ማን ዋንጫ ሰጠኝ? ጠንክረህ ሥራ!»

በነጋታው ልጄ ስልኩ ላይ የ2023 የቴሌቪዥን ክርክር አምጥቶ ለአባቱ ከፈተለት። «ስማ፣ ዮኪችህም የተሸለመው ነጭ ስለሆነ ነው ሲሉ» አለው። ባለቤቴ ስድብ ሆነበት። «ለሁሉ ነገር ዘር! ለሁሉ ነገር ቀለም!» ብሎ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተነሳ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም። ልጄ የበጋውን ልምምድ አልሄድም ብሏል። ከዚያ ጓደኛውም ጋር መደዋወል አቁሟል። ሁለቱም በየፊናቸው ወጥ ቤት እየመጡ «አንቺ ፍረጂ» ይሉኛል። እኔ ኳሱን አላውቀው፤ በምን ልፍረድ? ልጄ እውነት ተበድሎ ከሆነ ዝም ማለት አልፈልግም። ያልሆነውን ሆነ ብሎ አምርሮ እንዲያድግም አልፈልግም። ማን ነው ትክክል? ምንስ ላድርግ?

የልጅ እናት፣ ከአውሮራ

—

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ያስቆመኝ «ልጄ ተነስቶ አጨበጨበ» ያልሽው ቦታ ነው። የ16 ዓመት ልጅ፣ የኔ ነው ያለውን ዋንጫ ሌላ ሲወስድ እያየ፣ በሰው ፊት ለጓደኛው አጨበጨበ። ይህን ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ቤተሰቡ ብቻ ቀረ፤ የያዘውን አወጣ። ሌላ የት ያውጣው?

ወደዚህ እመለሳለሁ። ኳሱን አላውቀውም ስላልሽ ግን ከእሱ ልጀምር። ባልሽም ልጅሽም በከፊል ትክክል የሆኑት እዚያው ኳሱ ውስጥ ነውና።

አገር ቤት እግር ኳስ ታውቂያለሽ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ኮከብ ግብ አግቢ አለ፣ ኮከብ ተጫዋች አለ። በኮከብ ግብ አግቢ የሚጣላ የለም፤ ጎል ይቆጠራል፣ አለቀ። ኮከብ ተጫዋችን ግን ሰው ነው የሚመርጠው። ኤምቪፒ ማለት ሁለተኛው ነው፣ ለቡድኑ ከሁሉም በላይ የጠቀመው ተጫዋች። ልጅሽ «በነጥብ እበልጣለሁ» ሲል በኮከብ ግብ አግቢ ሚዛን እየለካ ነው። መብቱ ነው። ግን አሰልጣኙ በሌላ ሚዛን ለክቶ ይሆናል። ችግሩ፣ ያ ሚዛን ምን እንደሆነ ማንም ለልጁ አልነገረውም።

ትልቁ ሊግ፣ ኤንቢኤም ቢሆን ነግሮ አያውቅም። ሽልማቱን መስጠት የጀመረው በ1956 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እስከ 1980 ድረስ የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኞችና ተንታኞች ናቸው። በልጅሽ ቪዲዮ ዘመን መራጮቹ 100 ነበሩ። እያንዳንዱ አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጽፋል። ለአንደኛው 10፣ ለሁለተኛው 7፣ ከዚያ 5፣ 3 እና 1 ነጥብ ይሰጣል። «ጠቃሚ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድ ወጥ ትርጉም የለም። አንዱ መራጭ ነጥብ ያያል፣ ሌላው የቡድኑን ድል፣ ሌላው ደግሞ «ይህ ሰው ባይኖር ቡድኑ ምን ይሆን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ የቆየ ታሪክ ልንገርሽ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። በ1962 በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን ዊልት ቻምበርሊን በአማካይ በየጨዋታው 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ማንም አልደረሰበትም። በዚያው ዓመት ኦስካር ሮበርትሰን የሚባል ተጫዋች በነጥብ፣ በሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) እና በአሲስት (ሌላው እንዲያስቆጥር ያቀበለው ኳስ)፣ በሦስቱም በአማካይ ከ10 በላይ አመጣ። ሁለቱም ኤምቪፒ አልሆኑም። የተመረጠው 18.9 ነጥብ የነበረው የቦስተን ሰልቲክሱ ቢል ራስል ነው። ቡድኑ በተከላካይነቱ ነበር የሚያሸንፈው። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ስለዚህ ቀለም አልነበረም ጉዳዩ። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ የዓመቱን ምርጥ አምስት የመረጡት ጋዜጠኞች ራስልን ሁለተኛው ቡድን ውስጥ አስቀምጠው ቻምበርሊንን ከፊቱ አደረጉት። በአንድ ዓመት፣ ያንኑ ጨዋታ አይተው፣ ተጫዋቾች አንዱን መረጡ፣ ጋዜጠኞች ሌላውን። ሚዛኑ በያዘው ሰው እጅ ይለዋወጣል ማለት ነው።

ልጅሽ ይህን ታሪክ ቢሰማ ደስ ይለኛል። በነጥብ አንደኛ ሆኖ ኤምቪፒ አለመሆን ሁልጊዜ በደል አይደለም። ቻምበርሊን ላይም ደርሷል።

ለባልሽ ደግሞ የዚያኑ ዘመን ሌላ ገጽ ልጨምርለት። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር፣ ኦክቶበር 1961 ላይ፣ ሰልቲክሶች ለወዳጅነት ጨዋታ ኬንታኪ ክፍለ ሀገር፣ ሌክሲንግተን ከተማ ሄደው ነበር። ጥቁር ተጫዋቾቹ ባረፉበት ሆቴል ምግብ ቤት አንቀበልም ተባሉ። ራስልና ጓደኞቹ አንጫወትም ብለው ከተማውን ጥለው ወጡ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው ያ ራስል የሊጉ ምርጥ ተብሎ የተመረጠው። «ጠንክረህ ሥራ» ለሚለው ምክር ከራስል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጠንክሮ ሠርቷል፣ አምስት ጊዜ ኤምቪፒ ሆኗል። ያ ሁሉ ግን ሆቴሉ ውስጥ ምግብ አላስገኘለትም። ዋንጫውም እውነት ነው፣ ሆቴሉም እውነት ነው። አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

አሁን ልጅሽ ወደከፈተው ቪዲዮ እንምጣ።

ማርች 2023 ነው። ለኤምቪፒ የሚፎካከሩት በዋናነት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ የባልሽ ዮኪች ነው፤ በ2021 እና በ2022 አሸንፎ ሦስተኛውን እየተጠባበቀ። ሌላው የፊላዴልፊያው ጆኤል ኤምቢድ፣ የካሜሩን ልጅ። ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ላይ ኬንድሪክ ፐርኪንስ የተባለ የቀድሞ ተጫዋች ከ1990 ወዲህ በነጥብ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ሳይገቡ ኤምቪፒ የሆኑት ሦስት ሰዎች ናቸው ብሎ ተከራከረ፦ ስቲቭ ናሽ፣ ዲርክ ኖቪትስኪ እና ዮኪች። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ገባው። ከመራጮቹ 80 በመቶው ነጮች ናቸው የሚል ቁጥርም ተነገረ። ጄጄ ሬዲክ የተባለ ሌላ የቀድሞ ተጫዋች ፊት ለፊት ተቃወመው፤ ነጭ መራጮች ለነጭ ያደላሉ እያልክ ነው፣ የሌለ ታሪክ እየፈጠርን ነው አለው። ልጅሽ ያሳየው ይህንን ይመስለኛል።

ያልታየው ግን ቀጣዩ ክፍል ነው። ጣቢያው በማግስቱ እርማት አወጣ። የመራጮቹ ስም በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን ተመልክተው ነበር። መራጮቹ በፕሮግራሙ ከተባለው ይልቅ እጅግ የተቀላቀሉ ሆነው ተገኙ። ድምፁ ሲቆጠር ደግሞ ኤምቢድ ከ100 የአንደኝነት ድምፅ 73ቱን ወሰደ። ዮኪች 15፣ የሚልዋኪው ተጫዋች ያኒስ አንቴቶኩምፖ 12 አገኙ። ከዚያ በኋላ ዮኪች ናጌትስን ይዞ ማያሚን 4 ለ 1 አሸንፎ የዴንቨርን የመጀመሪያ ዋንጫ አመጣ፤ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋችም ሆነ። በ2024 ኤምቪፒው ተመለሰለት። በ2025 ደግሞ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር የተባለ ጥቁር ካናዳዊ በ71 የአንደኝነት ድምፅ በለጠው።

እንግዲህ ፐርኪንስ ተሳስቷል ማለት ነው? በዮኪች ጉዳይ፣ አዎ፣ እኔ ተሳስቷል ባይ ነኝ። በዚያ የውድድር ዘመን ዮኪች በአማካይ 24.5 ነጥብ፣ 11.8 ሪባውንድ፣ 9.8 አሲስት ነበረው። ያን ያህል የሚያቀብል ረጅም ሰው ከዚያ በፊት አልታየም። ኤምቢድ 33.1 ነጥብ ነበረው፤ ሽልማቱም አልበዛበትም። ለሁለቱም የሚያከራክር በቂ ምክንያት ነበር፣ ያለ ቀለም። ባልሽ እዚህ ላይ ልክ ነው።

ግን እህቴ፣ ጥያቄው ራሱ ከሰማይ አልወረደም። በ2005 ስቲቭ ናሽ ሻኪል ኦኒልን ሲበልጠው ልዩነቱ 34 የምርጫ ነጥብ ብቻ ነበር፣ 1066 ለ 1032። ናሽ ነጭ ነው፣ በየጨዋታው በአማካይ 15.5 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ኦኒል ግዙፍ ጥቁር፣ ቡድን ቀይሮ አዲሱን ቡድኑን ከፍ ያደረገ። ያኔም በማያሚ የስፖርት አምደኛ የሆነ ሰው ጥያቄውን በአደባባይ ጠይቋል። ናሽ የሄደበት ፊኒክስ በአንድ ዓመት ከ29 ድል ወደ 62 ማደጉም እውነት ነው። እኔ ያኔ ድምፅ ቢኖረኝ ለማን እሰጥ እንደነበር እስካሁን አልቆረጥኩም። እንዲህ ያለ ተቀራራቢ ምርጫ ውስጥ መራጩ ራሱ የማያውቀው ትንሽ ዝንባሌ ሚዛኑን ሊያጋድል ይችላል ብሎ መጠየቅ እብደት አይደለም።

ይህን የምልሽ እንዲያው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ጀስቲን ዎልፈርስ እና ጆሴፍ ፕራይስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2004 የተደረጉ የኤንቢኤ ጨዋታዎችን መርምረው ነበር። የዳኞቹ ቀለም ከተጫዋቹ ሲለይ ፋውል በትንሹ ይበዛል ብለው አገኙ። ትንሽ ናት፣ ግን በቁጥር ትታያለች። ሊጉ አልተቀበለውም። ነገሩ በ2007 በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ ካነጋገረ በኋላ ግን ተመራማሪዎቹ እንደገና ሲለኩ ያ ልዩነት ጠፍቶ አገኙት። ዳኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የሆነ ሰው ጠየቀ፣ ሁሉም ሰማ፣ ሚዛኑ ተስተካከለ። ልጅሽም መጠየቁ በራሱ ጥፋት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጥፋት የሚሆነው አጠያየቁ ሲበላሽ ነው። በ1987 ምን ሆነ መሰለሽ። የዲትሮይት ቡድን በነጩ ኮከብ ላሪ በርድ ቡድን፣ በቦስተን ተሸንፎ ከውድድር ወጣ። ላብ ሳይደርቅ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ የዲትሮይቱ ዴኒስ ሮድማን በርድ የሚካበው ነጭ ስለሆነ ነው አለ። የቡድን ጓደኛው አይዛያ ቶማስም አጸናለት፤ በርድ ጥቁር ቢሆን ኖሮ እንደማንኛውም ጎበዝ ተጫዋች ነበር የሚቆጠረው አለ። በርድ እኮ ከዚያ በፊት በተከታታይ ሦስት ዓመት ኤምቪፒ የሆነ ሰው ነው! አገር ተንጫጫ። በኋላ ቶማስ ረጋ ብሎ ማለት የፈለገውን አስረዳ። ነጭ ተጫዋች ሲመሰገን «አእምሮው፣ ትጋቱ» ይባላል፣ ጥቁር ሲመሰገን «ተፈጥሮው» ይባላል፣ እኛም እኮ እናስባለን፣ እኛም እንለፋለን አለ። ይህ ጥልቅ አቤቱታ ነው። እውነትም ነበረው። ግን በበርድ ላይ ተጭኖ ስለወጣ የሰማው ጥቂት ነው። ቶማስ ከበርድ ጎን ተቀምጦ ለጋዜጠኞች ማብራሪያ መስጠት ግድ ሆነበት። በርድም አልተቀየመውም።

የልጅሽ ጓደኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የበርድ ቦታ ላይ ነው ያለው። ዋንጫውን ራሱ ለራሱ አልሰጠም። እናንተ ቤት እንጀራ የበላ ልጅ፣ ጓደኛው ለምን እንደማይደውልለት ሳያውቅ ሦስት ሳምንት ሆነው። ወይም ያውቃል፣ ምን እንደሚል ጠፍቶታል። ልጅሽ ሚዛኑን መጠየቅ ይችላል፤ የጓደኛውን ልፋት ግን ሳይነካ።

አሁን ወደ መኪናው ልመለስ።

ባልሽ ለምን ያን ያህል የጮኸ ይመስልሻል? አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን አንድ ነገር እገምታለሁ። እሱ ያደገው ሁሉም ሰው ጥቁር በሆነበት አገር ነው። ልጅ ሆኖ ጥቁር ነኝ ብሎ አስቦ አያውቅም ይሆናል። «ዘር» የሚለው ቃል ለኛ ትውልድ ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰው። ሰፈር ያፋጀ፣ ጎረቤት ያቃቃረ ነገር። ያንን ጥዬ መጣሁ ያለ ሰው፣ ልጁ «በቀለሜ ምክንያት» ሲለው ያ የሸሸው ነገር ቤቱ ድረስ ተከትሎት የመጣ ይመስለዋል። ደግሞም ፍርሃት አለ። ልጄ ሽንፈትን በዚህ ማስረዳት ከለመደ ልፋቱን ይተዋል ብሎ ይፈራል። ያ ጩኸት ግማሹ ፍርሃት ነው።

ልጅሽ ደግሞ ያደገው እዚያ አይደለም። ቤት ሲገባ ሀበሻ ነው፣ በር ሲወጣ ጥቁር ነው። ሱቅ ውስጥ ሲከተሉት፣ ክፍል ውስጥ ሲያዩት፣ ስለ አገሩ ማንም አይጠይቀውም። እናንተ የማታውቁት ስንት ነገር አይቶ ዝም ብሎ ይሆን? ዋንጫው ከዚያ ሁሉ በላይ የመጣ የመጨረሻ ጠብታ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? «ከዚህ በፊትስ እንዲህ የተሰማህ ጊዜ አለ?» ብለሽ፣ መልሱን ሳታርሚ፣ ሳታጽናኚ፣ ዝም ብለሽ ብትሰሚውስ?

ስለዚህ እህቴ፣ አትፍረጂ። ይህን የምልሽ ለመሸሽ አይደለም። ሁለቱም አንቺን ዳኛ ያደረጉት እርስ በርስ ላለመነጋገር ነው። አንቺ ከፈረድሽ አንዱ አሸንፎ አንዱ ተሸንፎ ይገባል፤ ወጥ ቤቱ የበለጠ ይቀዘቅዛል። «ኳሱን አላውቅም፤ እናንተን ግን አውቃለሁ፤ ተነጋገሩ» ብትያቸው ይበቃል።

መጀመሪያ ባልሽን ለብቻው ያዢው። ከሥራ ገብቶ ጫማ ሳያወልቅ አይሁን፤ ቡና ላይ፣ ወይ ሁለታችሁም በምታርፉበት ቀን። ልጁ ትክክል ነው አትበይው፣ ወዲያው ይከላከላል። «ልጁ ያንን ነገር የነገረው ለኛ ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ የባሰ ነገር ሲገጥመው እንዳይነግረን እፈራለሁ» በይው። ይህ ማንኛውንም አባት የሚያስቆም ነገር ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው። ለልጁ «ያን ዕለት ሳልሰማህ ጮህኩብህ» ይበለው። ይቅርታ አድርግልኝ የሚለው ቃል ከከበደው ይቅር። ቀለም ነው ብሎ ማመንም የለበትም። ሳልሰማህ ጮህኩ ማለት ብቻ። ታክሲ ነጂ ነው አይደል? ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ እየነዳ ቢለው ይቀለዋል። አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ መንገዱን እያዩ ሲያወሩ የሚወጣ ወሬ አለ።

ቀጥሎ አሰልጣኙ ነው። እዚህ ላይ እናንተ ወላጆች ቀድማችሁ ባትሄዱ እመርጣለሁ። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ ራሱ ይሂድ። ዋንጫው ለምን አልተሰጠኝም ብሎ ሳይሆን «ኤምቪፒን ስትመርጡ የምታዩት ምንድን ነው? በሚቀጥለው ዓመት ምኔን ላሻሽል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ሁለት ነገር ያደርጋል። አሰልጣኙ ትክክለኛ ሚዛን ካለው ልጁ ይማርበታል፤ ምናልባት በመከላከል ላይ ይደክም ይሆናል፣ ምናልባት ኳስ አያቀብል ይሆናል። ሚዛን ከሌለው ደግሞ መልሱ ላይ ይታያል። «እንዲሁ ተሰማኝ» ካለው፣ ያኔ ልጁ የጠረጠረው ነገር ባይረጋገጥም የጠየቀው ነገር ተገቢ እንደነበር ታውቃላችሁ። ዋንጫውን አንድ ሰው ብቻውን የሚሰጥ ከሆነ ተጫዋቾቹም ድምፅ ቢኖራቸው ምን ይላል? ልጅሽ ይህን ሐሳብ ቢያቀርብ ለራሱም ለሌሎቹም ይጠቅማል። ኤንቢኤ ውስጥ የእያንዳንዱ መራጭ ድምፅ ይፋ ይወጣል፤ የትምህርት ቤት ቡድን ደግሞ ቢያንስ መስፈርቱን በወረቀት መለጠፍ አያቅተውም።

ነገሩ ከአንድ ዋንጫ በላይ ከሆነስ? በዚያ ቡድን ውስጥ ጥቁር ልጆች ዓመት ከዓመት የሚታለፉ ከሆነ፣ አሰልጣኙ የሚናገረው ነገር ካለ፣ ሌሎች ወላጆችም ያንኑ ካዩ፣ ያኔ ዝም አትበሉ። ቀኑንና የተባለውን እየጻፋችሁ ያዙ፣ ሌሎቹን ወላጆች ጠይቁ፣ አብራችሁ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊ አነጋግሩ። አባትየው ከፊት ቢሆን ደግሞ ልጁ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። በአንድ ምሽት በአንድ ዋንጫ ብቻ ግን ሰው ላይ አትፍረዱ።

ለጓደኛው መልእክት ይላክ። ረጅም አያስፈልግም። «እንኳን ደስ አለህ ያልኩህ የእውነቴን ነው፤ ግን ከፍቶኝ ነበር» ቢለው በቂ ነው። ያ ልጅ ጥሩ ጓደኛ ከሆነ ይገባዋል። ምናልባትም «እኔም ላንተ ይሰጣል ብዬ ነበር» ይለዋል። እንዲህ የሚሉ ልጆች አሉ።

ስለ በጋው ልምምድ አትጫኑት። ሳምንት ስጡት። «አልሄድም» ያለው ኳሱን ስለጠላ አይመስለኝም፤ መከፋቱ እንዲታወቅለት ነው። አባቱ መኪና ውስጥ ያቺን አንዲት ነገር ካለው በኋላ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ጠብቂ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ይህ ላንቺ ነው። ናጌትስ ሲጫወቱ የእረፍት ቀንሽ ከሆነ ሁለቱ መካከል ተቀመጪ። ሦስት ወረቀት ቁረጪ። እያንዳንዳችሁ ልክ እንደ መራጮቹ አምስት ስም ጻፉ፣ 10፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለምን እንደመረጣችሁት አንድ መስመር። ያንቺም ይቆጠራል። አንቺ ስለምትወጂው ሰው ብትጽፊ፣ ወይ ሌላው ሲወድቅ እጁን ይዞ የሚያነሳውን ብትመርጪ፣ ያም ሚዛን ነው። ከዚያ ወረቀቱን ተለዋውጣችሁ አንብቡ። ባልሽ ከዮኪች ጎን ምን እንደጻፈ ልጅሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ልጅሽ የጻፈውን ደግሞ አባቱ ያንብብ።

እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።